የጋዝ መቀላቀል ብቻውን ኢንትሮፒን አይጨምርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ኢንትሮፒ (የአንድ ነገር ቅንጣቶች በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ እንደሚችሉ የሚለካ መጠን ነው) የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መጻፉ እሰየው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ፦ «ሁለት ጋዞች በተቀላቀሉ ቁጥር ኢንትሮፒ ይጨምራል» ትላለች። ሁልጊዜ አይጨምርም።

አንድ ሣጥን በመከለያ እኩል ለሁለት ተከፍሏል እንበል። በአንዱ በኩል አንድ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሂሊየም፣ በሌላው አንድ ሞል አርገን አለ፤ ሙቀታቸውም ግፊታቸውም እኩል ነው። መከለያው ሲነሳ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፣ ኢንትሮፒው ግን በ11.5 ጁል በኬልቪን ገደማ ያድጋል። ለምን? እያንዳንዱ ጋዝ የሚንቀሳቀስበት ቦታ በእጥፍ ስለሰፋለት ነዋ! ሂሊየሙ ለብቻው ወደ ባዶ ግማሽ ቢለቀቅ ኖሮም የሱ ድርሻ ያው ነበር፣ አርገኑ ኖረ አልኖረ ለሱ ለውጥ የለውም። እንዲያውም ሁለቱን ጋዞች ሙቀታቸው ሳይለወጥ በአንዱ ግማሽ ውስጥ ብቻ አንድ ላይ ብናደርጋቸው፣ ለየብቻ ከነበራቸው ቦታ ምንም ሳይሰፋላቸው ማለት ነው፣ ተቀላቅለውም ጭማሪው ዜሮ ነው።

አሁን በሁለቱም በኩል ሂሊየም አድርጉ። መከለያውን ብታነሱት ጭማሪ የለም። የምንጃር ነጭ ጤፍ ላይ ቀይ ብትጨምሩ ሰርገኛ ይሆናል፣ ነጭ ላይ ነጭ ብትጨምሩ ግን ምኑን ከምኑ ትለዩታላችሁ? የሚገርመው፣ ሁለቱ ጋዞች የቱንም ያህል ቢመሳሰሉ፣ እስከተለያዩ ድረስ ጭማሪው ያው 11.5 ነው፤ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ግን በአንዴ ዜሮ ይገባል። አሜሪካዊው ጊብስ በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያነሳው ጉዳይ ስለሆነ እስከ ዛሬ የጊብስ ፓራዶክስ (የጊብስ እንቆቅልሽ እንደማለት) ይባላል። ይህን መዝለላችሁ አስቆጭቶኛል፣ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ደግሞ በኛ አገር «ኦክስጅን ከባድ ስለሆነ ቆላ ይቀራል» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥ ከናይትሮጅን ትንሽ ይከብዳል። ግን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ትንፋሽ የሚያጥረን ግፊቱ ስለቀነሰ ነው እንጂ የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ገደማ ነው። የተቀላቀለው አየር ራሱን አይለይም። ለመለየት ሥራ ይፈልጋል፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት አንድ ሞል አየርን ኦክስጅንና ናይትሮጅን ብሎ ጨርሶ ለመክፈል፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከ1.3 ኪሎ ጁል ገደማ በታች አይቻልም። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን የሚያመርተው መሣሪያ መብራት የሚበላው አንድም በዚህ ነው።

በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎቼ ያንን ጽሑፍ ለፈተና እያጠኑት ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን