ሌክቲንን በጅምላ መርዝ አትበሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጤና ዓምዳችሁ አደንጓሬ ውስጥ ጭምር የሚገኘውን ሌክቲን «መርዝ» ብሎ ማለፉ ከንክኖኛል። ሂርማታ ገበያ ላይ አንዲት እናት አደንጓሬ አንስተው «መርዝ ነው አሉ» ብለው ሲመልሱ ሰማኋ!

ሌክቲን ስኳር ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ቡና ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር ማለቴ አይደለም፤ የሴሎችን ገጽ የሚሸፍኑትን የስኳር ሰንሰለቶች ነው። ጉበታችን ራሱ አንዱን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ይሄ ፕሮቲን ማኖስ የሚባለውን ስኳር በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ገጽ ላይ ተደርድሮ ሲያገኘው ይለጠፍበትና ኮምፕሊመንት የተባለውን የመከላከያ ሥርዓት ይቀሰቅሳል፣ የኛ ሴሎች ግን የስኳራቸው አደራደር ስለሚለይ ብዙውን ጊዜ አይነካቸውም። ፀረ እንግዳ አካል የማይሠሩት ነፍሳት እንኳ ወራሪን በሌክቲን ይለያሉ።

መርዛማ የለም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1888 ሽቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ ሲያጣብቅ ያየው ሪሲን የተባለ ሌክቲን የሚገኘው እዚሁ አጥር ሥር ከሚበቅለው ጉሎ ፍሬ ነው፤ ቀልድ የለበትም። ጥሬ አደንጓሬም ያስታውካል። ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ እስኪንተከተክ አፍልቶ ለሚቀቅል ሰው ግን ምኑ ያስፈራል?

እባካችሁ ማረሚያ አውጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ