ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት

ውድ አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አተኮሰው። ከዚያ ምግብ ጠላ፣ ጨዋታ ተወ፣ ያስመልሰው ጀመር። ክሊኒክ ወሰድነው፤ «ታይፎይድ ነው» ተባልን። መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ሽሮፕ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዓይኑ ሸወረረ። የማጅራት ገትር ቲቢ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ማጅራት ገትር ሲባል የምናውቀው ሰውን በአንድ ሌሊት የሚጥለውን ነው። የቲቢው ግን በሳምንታት፣ ቀስ እያለ ይመጣል። የሚያታልለውም ለዚህ ነው። የልጁ አያት ቲቢ ይታከሙ ነበር። ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልተናገርንም። የቲቢ መከላከያውን ክትባት፣ ቢሲጂን፣ ተከትቧል ብለን ተዘናግተናል። ክትባቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም።

ሐኪሞቹ ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ ሲሉ እህቴን «ሽባ ያደርገዋል፣ እንዳትፈርሚ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ባከነ። ዛሬም ይቆጨኛል። በዚህ በሽታ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ሌላም የተማርኩት አለ። በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ነጻ ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም። አጥብቆ የጠረጠረ ሐኪም ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት ቢያስጀምር እባካችሁ አትከራከሩት።

ልጁ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው። ይስቃል፣ ስማችንን ይጠራል። ቀኝ እጁ ግን ገና አልታዘዝ ብሎታል። ስለዚህ በሽታ ባለሙያ አነጋግራችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ