ረቂቁ ለጎሳ መንግሥታቱ ቀድሞ ይድረሳቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በምኖርበት በዋሽንግተን ግዛት የፌዴራል ዕውቅና ያላቸው 29 የነባር አሜሪካውያን ጎሳዎች አሉ፤ የየራሳቸው መንግሥት ያላቸው። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ሕግ የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከእነርሱ ጋር የሚሠራ አገናኝ እንዲመድቡ ያዛል።

ጭንቁ ያለው በግዛቱ ዋና ከተማ ኦሊምፒያ፣ ሕግ አውጪዎቹ ዘንድ ነው። በየሁለት ዓመቱ አንዴ መደበኛው ጉባኤ 60 ቀን ብቻ ነው። የሳልመን ዓሣን የሚመለከት የሕግ ረቂቅ ማታ ተሻሽሎ ጠዋት ሲቀርብ፣ የአንዱ ጎሳ የፖሊሲ አማካሪ አንብቦት፣ ለጎሳው የዓሣ ባለሙያዎች አድርሶት፣ የጎሳው ምክር ቤት ተሰብስቦ እስኪወስን ማን ይጠብቃል? የብዙዎቹ ጎሳዎች ዓሣ የማጥመድ መብት እኮ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመ ውል የጸና ነው! አማካሪ ስላለ ብቻ «ተመካክረናል» ማለት ትልቅ በደል ነው። እንደራሴዎቻችን ጉባኤው ሳይከፈት፣ ገና በመኸር፣ ረቂቁን ይላኩላቸው። ድምፅ የምንሰጥ ሐበሾችም ይህንኑ እንጠይቃቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል