የፒያኖው ላ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለውድ ወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ጀጎል ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ሙቀቱን ከመቻል በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ስለመቅረቴ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካሳውን በዚህ ደብዳቤ ርዝመት ቁጠርልኝ።

ወሬውን ከሰው ሰማሁ። አንተ ፒያኖ፣ ልጅቷ ቫዮሊን፣ ልጁ ቼሎ ይዛችሁ ትሪዮ አቁማችኋል፤ መጀመሪያ ሐረር፣ ቀጥሎ እዚህ ድሬ ልትጫወቱ ነው። አቦ፣ እንኳን ደስ ያለህ! የትኛውን ሥራ እንጫወት በሚል ወር ሙሉ ስትከራከሩ እንደከረማችሁም ሰምቻለሁ። ክርክሩን ለጊዜው ተዉትና የምትጫወቱበትን ፒያኖ ሄዳችሁ እዩት። ቫዮሊንና ቼሎ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ፒያኖው ግን ባለበት ሆኖ፣ ከነጠባዩ ይጠብቃችኋል።

ስልክህ ላይ የቅኝት መለኪያ ጫንና ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ላ የሚባለውን ኖታ ምታ። የተለመደውን ልክ 440 ሄርዝ ካነበብክ ተገላገልክ። 435 ከሆነ ፒያኖው 20 ሴንት ወርዷል፤ 430 ከሆነ 40። ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው፤ እንደ ብርና ሳንቲም አስበው። በአንዱ ላ ብቻ ግን አትፍረድ። እርጥበት ሲለዋወጥ የፒያኖው መሐል ከሁለቱ ዳር ይበልጥ ስለሚንቀሳቀስ፣ ታችና ላይ ያሉትንም ላዎች መትተህ ጻፋቸው። ጫፎቹ ላይ ጥቂት ሴንት ብታገኝ አትደንግጥ፤ ደህና ቃኚ ኦክታቮቹን (ከአንዱ ላ እስከ ቀጣዩ ላ ያለውን ርቀት) ሆን ብሎ ትንሽ ይለጥጣቸዋል።

እስከ 435 ድረስ ከሆነ ሁለቱ ልጆች ወደ ፒያኖው ይውረዱ። ከዚያ በታች ከሆነ ቃኚ ጥራ፣ ነገር ግን «ዛሬውኑ 440 አድርስልኝ» ብለህ አታስጨንቀው። አንድ ፒያኖ 230 ገደማ ክሮች አሉት፤ የሁሉም ጉተታ ተደምሮ ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ቃኚው አንዱን ጎን ሲወጥር በድምፅ ገበታው ላይ ያለው ጫና ይለወጥና ቅድም የቃኘው ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው ፈጥኖ፣ ከተፈለገው ትንሽ አሳልፎ ይወጥራል፤ 20 ሴንት ለጎደለው 5 ሴንት ያህል ማሳለፍ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ዙር የጥንቃቄው ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ መልሶ ቢያየው መልካም ነው። ክሩ የዛገ ፒያኖ ከሆነ በመወጠሩ መሐል ይበጠስብሃል። ክሩ የተጠመጠመበት መቃኛ ችንካር ከላላማ ጭራሽ አይይዝም፤ ዛሬ የተቃኘው ነገ የለም። እንዲህ ያለውን እዚያው 430 ላይ እርስ በርሱ አስማምቶ መተው ነው። ታዳሚው የ10 ሄርዝ ልዩነት ላያውቅ ይችላል፣ የተዛባ ኦክታቭ ግን የማንንም ጆሮ ይቆረቁራል።

የድሬው አዳራሽ ቬንትሌተር ወይም ኤሲ ካለው አንድ ነገር ልብ በል። ቃኚው ጠዋት ሁሉም ጠፍቶ ቃኝቶ ከሄደ በኋላ ማታ ኤሲው ሲለቀቅ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ማታ የሚኖረው አየር ጠዋትም ይኑር፤ ቃኚው ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይከፈትና እስከ መጨረሻው አይጠፋ። ፒያኖው ከመስኮትና ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ቢወጣም ባለበት ከቆየ ይቻላል፣ መዋዠቁ ነው የሚያጠፋው። በፒያኖው ሆድ ውስጥ ውኃ በሳህን አስቀምጡ የሚሉህን አትስማ። አንዴ ከፈሰሰ ዝገት ነው ትርፉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፒያኖው ደህና ተቃኝቶም ቢሆን «ቼሎው ይወርዳል» የሚል ጠብ በመካከላችሁ ይነሳል። ልጁ ጆሮው ደህና ነው፤ ጠቡ የመጣው ከቅኝቱ ስሌት ነው። ባለ ክሮቹ ላን ከፒያኖ ይቀበሉና ሌሎቹን ክሮች በንጹሕ አምስተኛ ርቀት (ከላ ወደ ሬ አምስት ኖታ ተቆጥሮ) ይወርዳሉ። የፒያኖ አምስተኛ ግን ከንጹሑ 2 ሴንት ትጠባለች። ከላ ወደ ሬ 2፣ ወደ ሶል 4፣ የቼሎው ዶ ላይ ሲደርስ 6 ሴንት ከፒያኖው ዶ በታች ተቀመጠ ማለት ነው። የቫዮሊኑ ሚ ደግሞ በተቃራኒው 2 ሴንት ሽቅብ ይወጣል። አንተ በግራ እጅህ የታችኛውን ዶ ስትመታ ልጁ በጣት ሳይጫን ባዶውን ዶ ክሩን ቢስብ፣ ቀስ ያለ ሞገድ ትሰማላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ላን ብቻ ሳይሆን ሬን፣ ሶልንና ዶንም ከፒያኖው ይቀበል። ቫዮሊኗም ሶልንና ሬን እንዲሁ። አምስተኛዎቹ ትንሽ ጠበው ሲሰሟቸው መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ በሳምንቱ ይለምዱታል። ስትሰጣቸው ፔዳል ሳትረግጥ፣ ለስለስ አድርገህ፣ በአንድ ኖታ ሳይሆን በሬ ማይነር ኮርድ (ሬ፣ ፋና ላ አንድ ላይ ተመትተው) ውስጥ ስጣቸው፤ ላ ከኮርድ ውስጥ ስትወጣ ለጆሮ ግልጽ ናት።

ስለ ክርና ስለ እንጨት ባጭሩ። በደረቅ ወራት የቫዮሊን መቃኛ ይንሸራተታል፤ ሲዞር ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ ማዞር፣ ካልያዘ ጥቂት ጠመኔ መቀባት ነው። ክር ሲቀየር አንድ በአንድ ይቀየር። ሁሉም አንዴ ከወረደ በክራር በርኩማ የምንለው እንጨት ይወድቃል፤ ከዚያም በሆዱ ውስጥ የቆመችው ቀጭን እንጨት ትወድቃለች። ፈረንሳዮች ይህቺን እንጨት «አም» ይሏታል፣ ነፍስ ማለት ነው፤ የድሬ ሽማግሌ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። እሷ ከወደቀች ክር መወጠር በፍጹም አይገባም፤ የላይኛው ገበታ ይሰረጉዳል። በየጊዜው በርኩማውን ከጎን እዩት፤ መቃኛ በዞረ ቁጥር ጫፉ ወደ መቃኛው ይሳባል፣ ካልተመለሰም ይጎብጣል። ደጋኑ ከተጫወቱ በኋላ ይርገብ፤ ጭራው በድርቀት ሲያጥር ደጋኑን ያጣምመዋልና። ትርፍ ክር ሳይዙ መድረክ አትውጡ፤ ለቫዮሊን አንድ ሙሉ ስብስብና ሁለት ሚ፣ ለቼሎ ቢያንስ ላና ሬ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ (ዓመታቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) የሜንዴልሶን ሬ ማይነር ትሪዮ ላይ እንዳፈጠጣችሁ ገብቶኛል። በ1839 የተጻፈ፣ የሚያምር ሥራ ነው። ለፒያኖው ግን የኖታ ናዳ ነው። ቁልፉ በከበደ የቆመ ፒያኖ ላይ ብትሞክረው ሦስተኛው ክፍል ላይ ክንድህ ይዝላል። በሃይደን ሶል ሜጀር ጀምሩ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚወስደው፣ በሃንጋሪ ዘይቤ ሮንዶ የሚያበቃው፣ በ1795 የወጣው። ልጁ «ቼሎው የፒያኖውን ግራ እጅ ነው የሚደግመው» ብሎ ያማርራል፤ እውነቱን ነው፣ በዚያ ዘመን እነዚህ ሥራዎች የሚታተሙት «የፒያኖ ሶናታ ከቫዮሊንና ቼሎ አጃቢ ጋር» እየተባሉ ነበር። ለእናንተ የሚጠቅማችሁም ይኸው ነው። ግራ እጅህና ቼሎው አንድ ባስ ሆነው መተንፈስ ካልቻሉ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የቤትሆቨን ኦፑስ (የሥራ ቁጥር) 11 ይሁን። የተጻፈው ለክላርኔት ቢሆንም የቫዮሊን ክፍልም አለው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሜንዴልሶን ለከርሞ ይቆይ።

በመካከል አንድ የራሳችን ነገር አስገቡ፣ ግን በማስተዋል። ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ ፒያኖው ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ተብሎ ቢጻፍም ማሲንቆው የሚጫወተው ርቀት በፒያኖው ቁልፎች መካከል የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ቫዮሊኗ እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተች አንተ ያንኑ ዜማ ከደገምክ ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ትመስላላችሁ። አንተ መነሻ ድምፁን ብቻ ይዘህ ቁም፤ ዜማውን ለቫዮሊን፣ ቼሎውን ደግሞ በጣት እየተመታ እንደ ክራር ተወው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ሆኑ ግርማ ይፍራሸዋ ቅኝታችንን ፒያኖ ላይ ያዋሉት በአመዛኙ ብቻቸውን ተቀምጠው ነው፤ ከባለ ክር መሣሪያ ጋር ሲሆን ሒሳቡ ይለያል።

አቀማመጥ። ቫዮሊኗ ከታዳሚው አንጻር በግራ፣ የድምፅ ቀዳዳዎቹ ወደ ሰው እንዲያዩ፤ ቼሎው በፒያኖው ጉብጠት ፊት፤ አንተ የሁለቱንም ደጋን የምታይበት። የፒያኖውን ክዳን በግማሽ መክፈት ድምፁን ያደፈርሰዋል እንጂ ብዙም አይቀንሰውም፤ ሙሉ ከፍተህ እጅህን ግዛ፣ ፔዳሉንም ከቤት ልምምድህ በግማሽ ቀንስ። የቆመ ፒያኖ ከሆነ ከግድግዳ አርቀህ በጎን አዙረው። የቼሎው እግር ብረት በሲሚንቶና በሴራሚክ ወለል ላይ ይሸሻል፤ ቀበቶ አስሮ ከወንበሩ እግር ጋር ማያያዝ ነው። ለኖታ ወረቀቱ የልብስ መቆንጠጫ አትርሱ፣ ቬንትሌተር ባለበት ገጽ ራሱን ይገልጣል።

በልምምድ ወቅት ሙሉ ኖታው ያለው ካንተ ጋር ብቻ መሆኑን አስብ። እነሱ የሚያዩት የራሳቸውን መስመር ነው። ስለዚህ ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አድርገህ ስጣቸው፤ ከሕትመት ሕትመት ስለሚለያይም የባር ቁጥር አንድ ላይ ጻፉ። በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። መጀመሪያ ባለ ክሮቹ ያላንተ፣ ከዚያ ግራ እጅህ ከቼሎ ጋር፣ ከዚያ ሁሉም በግማሽ ፍጥነት ያለ ፔዳል። መነሻውን አንዱ በትንፋሹ ያሳይ፤ ትንፋሹ ራሱ በሙዚቃው ፍጥነት ካልሆነ የመጀመሪያው ባር ይደናቀፋል። ስልክህን አዳራሹ መሐል አስቀምጠህ ቅዳ። ከፒያኖው አጠገብ የተቀዳ ሁልጊዜ ያሞግስሃል።

ሰዓቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት አድርጉት። መግሪብና ኢሻ አልፈዋል፣ ሙቀቱም በረድ ብሏል፣ የባጃጁም ጩኸት ቀንሷል። ያለ እረፍት 50 ደቂቃ ይበቃል። በክፍሎቹ መካከል ቢያጨበጭቡ ፈገግ በሉና ቀጥሉ።

ስለ እንጀራው ደግሞ፦ ትሪዮ ብቻውን የትም ቢሆን እምብዛም አያበላም። ቼሊስቱ ካሳልስ፣ ቫዮሊኒስቱ ቲቦና ፒያኒስቱ ኮርቶ ከ1905 ገደማ ጀምሮ ለዓመታት አብረው ሲጫወቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሶሎ ሥራ ይዘው ነበር። ቦ ዛር ትሪዮ ከ1955 እስከ 2008 ሲዘልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቆየው ፒያኒስቱ ሜናሄም ፕረስለር ብቻ ነው፤ አምስት ቫዮሊኒስቶችና ሦስት ቼሊስቶች አልፈዋል። ሰው ይለወጣል ማለት ነውና ገና በፍቅር ሳላችሁ አንድ ገጽ ውል ጻፉ። ስሙ የማን ነው? የሚወጣ ሰው ከስንት ወር በፊት ይናገራል? አንዱ ሲታመም ማን ይተካዋል? ገንዘቡን ከትራንስፖርት በኋላ ለአራት ክፈሉት፤ ሦስቱ ለእናንተ፣ አራተኛው ለሣጥኑ፣ ለቃኚና ለክር። «ፒያኖው ኖታው ይበዛል» ብለህ ተጨማሪ እንዳትጠይቅ፣ አውቅሃለሁ። ሦስታችሁም ተማሪ ያዙ። የሠርግ ሥራ ከመጣ ውሰዱት፤ ድንኳን የሌለበት የቀን ሠርግ ግን ይቅርባችሁ፣ ፀሐይ ላይ የቆየ ቼሎ ሙጫው ይለቃል።

አሁን የምፈልገው ይህ ነው። የሐረሩን ፒያኖ ሦስት ላዎች ለካና ቁጥሩን ላክልኝ፤ እኔ የድሬውን እልክልሃለሁ። ልዩነቱ ከ10 ሴንት ከበለጠ ልጆቹ አንድ ቀን ቀድመው ይውረዱ፣ ክሩ አዲሱን ከፍታ እስኪለምድ። መኝታ እዚህ አለ። ጉዞው ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም ባይርቅም ከደንገጎ ቁልቁል ሙቀቱ በአንዴ ነው የሚቀበላችሁ። በማለዳ ተነሱ፤ ቼሎው ከሰው ጋር ወንበር ላይ ይቀመጥ እንጂ ከመኪናው ኋላ እንዳይገባ።

ወንድምህ