ለደንበኞቻችን፦ ከሴራሚኩ በፊት ስላለው ሥራ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዋጋ ስናቀርብላችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ትጠይቁናላችሁ። «ሴራሚኩን ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ ለወለሉ ዝግጅት ብቻ ይህ ሁሉ ቀንና ብር ለምን?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ ልንሰጣችሁ ወደድን።

እዚህ ድሬዳዋ፣ በተለይ ከዚራና መጋላ፣ የምንሠራባቸው አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እየተቀጠሉ የመጡ ናቸው። ሳሎኑ የድሮ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ መኝታ ቤቱ ጣውላ፣ ማድ ቤቱ ሊሾ ይሆናል። በረንዳው ተዘግቶ ክፍል ሆኗል፤ የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ወደ ውጭ ያዘቀዘቀው ኮንክሪት ግን እንደነበረ ነው። አሁን ቤቱ በሙሉ አንድ ሴራሚክ እንዲለብስ ትፈልጋላችሁ። ይቻላል፤ ያምራልም። ከሥር ያሉት ወለሎች ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረገጥም ይረግባል። ሲሚንቶ እንዲህ አይደለም። ሴራሚክ ሁለቱን አቋርጦ ከተለጠፈ ልክ በመገናኛቸው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሬት ላይ ያረፈ ጣውላ ተነሥቶ ቦታው በኮንክሪት ቢሞላ እንመርጣለን። ፎቅ ላይ ከሆነ ጣውላው በደንብ ይጠብቅና የሲሚንቶ ቦርድ በብሎን ይታሰርበታል። በቀጥታ ጣውላ ላይ ለጥፉልን ብትሉን አንለጥፍም። ሁለት ወለሎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ እናሳርፍና በሲሚንቶ ፈንታ በሲሊከን እንሞላዋለን። ሲሊከን ስለሚለጠጥ እንቅስቃሴውን ይችላል። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ በር ሥር ስለሚውል ዓይን ውስጥ አይገባም።

የድሮው ንጣፍ ጠንካራ ከሆነ አናፈርሰውም። በመዶሻ ቀስ እያልን እንመታዋለን፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ብቻ ይነሣል። የቀረው ለስላሳ ስለሆነ ኮላ እንዲይዝ ፊቱ ይፋቃል። ሰም፣ ዘይትና ቀለም ካለበትም ይጸዳል። ከዚያ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም እናጋድምበታለን። ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካየን ወለሉ መስተካከል አለበት። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፖርሲሊን (ጠጣር የሴራሚክ ዓይነት) ላይ ትንሽ ጉድለት እንኳ ጠርዙን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ እግር ያደናቅፋል። ጎድጓዳውን በወፍራም ኮላ ሞልቶ ማለፍ አይሆንም። ኮላው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሴራሚኩም ከሥሩ ባዶ ይቀራል። አንድ ድስት ቢወድቅበት አለቀለት።

ብዙ የምንከራከርበት የበረንዳው ነገር ነው። ከሳሎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ በአሸዋና በሲሚንቶ ይሞላል። የድሬ ፀሐይ ፊቱን በአንድ ቀን ያደርቀዋል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ሳያልቅበት ነው። ስለዚህ ለ7 ቀን ያህል እየረጠበ ተሸፍኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላም ቢያንስ እስከ 28ኛው ቀን እንጠብቃለን። «ደርቋል እኮ፣ ቀጥሉ» ስትሉን እንቢ የምንለው ለዚህ ነው። መቸኮል ካለባችሁ ቶሎ የሚደርስ የማስተካከያ ድብልቅ አለ፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ፖርሲሊን ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ በተበጠበጠ ሲሚንቶ ብቻ አጥብቆ አይያዝም፤ ለእሱ የተሠራ ኮላ ያስፈልገዋል። በሙቀት የተቀባ ኮላ ፊቱ ቶሎ ስለሚደርቅ በጠዋት እንጀምራለን፣ በትንሽ በትንሹም እንቀባለን። ቀትር ላይ ስናቆም እንድትረዱን እንለምናለን።

ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጥሩን። ወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል እንለካለን፤ በሮቹ ከታች መቆረጥ ካለባቸውም አናጺው ቀድሞ ይያዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የወለል ንጣፍ ሠራተኞቻችሁ፣ ድሬዳዋ