ጎርፉ ዞሯል፣ ዓረቦኑ ግን እዚያው ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

በባንክ ብድር የተሠራ ቤት መያዣ ስለሆነ፣ ዕዳው እስኪያልቅ መድኑ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) እየተከፈለ በየዓመቱ ይታደሳል። የውሉ መሠረት እሳትና መብረቅ ነው፤ ጎርፍ የሚገባው በተጨማሪ ክፍያ ነው። ባንኩ ሰፈሩን አይቶ «ጎርፍም ይካተት» ካለ ምን ምርጫ አለ?

ዘንድሮ ሳሳድስ ተጨማሪው ለምን እንደበዛ ጠየቅሁ። «ሰፈራችሁ ጎርፍ ያጠቃዋል» ተባልኩ። ኢንሹራንሶቹ የሚሠሩበትን ጎርፍ የሚያሰጋቸው ሰፈሮች ዝርዝር ሳየው፣ ከእኛ በላይ ያለው ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የተዘጋጀ ነው። በርግጥ ድሮ እውነት ነበር። አዳማን ኮረብታ ከቧታል፤ ክረምት ከላይ የወረደው ውሃ እኛ ደጅ ያርፍ ነበር። በየበሩ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ እንደረድር ነበር። ግንባችን ላይ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ መስመር ዛሬም ከቀለሙ ሥር ይታያል። አሁን ግን ውሃው ወደ ታችኛው ሰፈር ዞሯል። ዝርዝሩ ላይ እነሱ ስጋት የለባቸውም! እኛ ለማይመጣ ጎርፍ እንከፍላለን፤ እነሱ ለሚመጣው ዋስትና የላቸውም።

ኢንሹራንሶቹን ቅናሽ መለመን ዋጋ የለውም። ቤት ከቤት መለየት ካልቻሉ በጅምላ ነው የሚያስከፍሉት፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። መታደስ ያለበት ዝርዝሩ፣ ማለትም የጎርፍ ስጋት ካርታው ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የመንግሥት የጎርፍ መድን አላቸው። ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆኑን በቀያሽ አስለክቶ ያረጋገጠ ሰው ካርታው እንዲታረምለት ያመለክታል። ጎርፍን ለመከላከል ከሚጠበቅበት በላይ የሠራ ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ከዓረቦናቸው ከ5 እስከ 45 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ሥርዓታቸው ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ ስለሆነ ሁሉንም እንቅዳ አልልም። ካርታን በልኬት የማረሟን ነገር ግን ብንወስዳት ምናለ?

እዚህ አንድ መንገድ በአስፋልት ከፍ ሲል የጎን ግቢዎች ኩሬ ይሆናሉ፤ ቦይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈንም እንዲሁ። ስለዚህ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ካርታ አይበቃም። መስከረም ላይ፣ የጭቃው ምልክት ግድግዳ ላይ እያለ፣ ውሃ የገባባቸው ቤቶች ይለኩና ይመዝገቡ። ውጤቱም በየወረዳው ይለጠፍ፤ ኢንሹራንሶችም ባንኮችም ይድረሳቸው።

የታች ጎረቤቶቻችን በዚህ ደብዳቤ ቅር ሊሰኙ ይችላሉ፤ ካርታው ሲታደስ የእነሱ ዓረቦን ይጨምራላ። ግን ቦዩ እነሱ ጋ እንዲቀጥል ለመጠየቅም የሚረዳቸው ይኸው ካርታ ነው።

አንድ የአዳማ ነዋሪ