ኢንተርኔት አቅራቢያችሁን ከመቀየራችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ የምታነሱልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «የቤታችን ኢንተርኔት አስመርሮናል፤ የቱ ድርጅት ይሻለናል?» በስልክ ችኩል መልስ ከምንሰጣችሁ ቁጭ ብለን ብንጽፍላችሁ ይሻላል አልን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛ ኢንተርኔት አንሸጥም። ሥራችን ቤት ውስጥ ኬብል መዘርጋት፣ ራውተር ማስተካከልና ዋይፋይ ያልደረሰበት ክፍል እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ከየትኛውም አቅራቢ ኮሚሽን አንቀበልም። የምንነግራችሁ በየቤቱ ስንሠራ ያየነውን ነው።

ምሬታችሁ ይገባናል። የኛም ቢሮ ቀምሶታል። መስመራችን ለሳምንታት ማታ ማታ ይቆራረጥ ነበር። ስንደውል መጀመሪያ ረጅም ሙዚቃ እናዳምጣለን። ከዚያ «ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» እንባላለን። በማግስቱ ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ስለሆነ ታሪኩን እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ባለሙያ ይመጣል በተባለበት ቀን ሥራ ትተን ጠበቅን፤ አልመጣም። በኋላ ሲመጣ ደግሞ ጠዋት መጣ። ጠዋት መስመሩ ደህና ነው። «ምንም ችግር የለበትም» ብሎ ሄደ። ከመቆራረጡ ይበልጥ ያንገበገበን የሚያምነን ማጣታችን ነበር።

ነገሩ የተለወጠው መለካት ስንጀምር ነው። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በየሰዓቱ ፍጥነቱን ለክተን ጻፍን። ወረቀቱን ላክንላቸው። የሚቀጥለው ባለሙያ ማታ መጣና እኛ የምናየውን አየ። ጥፋቱ ከቢሯችን ውጭ መሆኑንም አመነ። መስመሩን የማስፋት ሥራ ግን በቅርብ እንደማይደረግ ነገረን፤ እኛም ያለ ጥርጣሬ ለቀን ወጣን።

የተሳሳትንበት ጊዜም አለ፤ ይህንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። አንድ ደንበኛችን 300 ሜጋ እየከፈሉ የሚያገኙት 94 ብቻ ነበር። እኛም ቤቱን ሳንፈትሽ «አቅራቢ ይቀይሩ» አልናቸው። ቀየሩ። አዲሱም 94 ላይ ቆመ። ያኔ ነው ደንግጠን የሄድነው። ግድግዳ ውስጥ ባለፈው ኬብል ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል። ስምንቱም ደህና ሲሆኑ እንዲህ ያለው ኬብል 1000 ሜጋ ያሳልፋል። አንዱ ሲበጠስ ግን መሣሪያዎቹ አራቱን ብቻ ይዘው ወደ 100 ይወርዳሉ። ከ100ው ላይ መረጃው የሚታሸግበት ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ገደማ ነው። ይቅርታ ጠይቀን ኬብሉን በነፃ ቀየርንላቸው። የባከነው ገንዘባቸውና የተጉላሉበት ጊዜ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይለካ «ቀይሩ» አንልም።

እናንተም ለኩ። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ዋይፋዩን አጥፉ። ሌላው የቤቱ ሰው ለሁለት ደቂቃ ኢንተርኔት እንዳይነካ ለምኑ። ከዚያ ከታወቁት የፍጥነት መለኪያ ገጾች በአንዱ ለኩ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ፣ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ። ዳውንሎዱን (ወደ እናንተ የሚወርድበትን ፍጥነት)፣ አፕሎዱን (ከእናንተ የሚላክበትን ፍጥነት) እና ፒንግ የሚለውን ቁጥር (መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ) ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉ። ለአንድ ሳምንት። አሰልቺ ነው፤ እናውቃለን። ግን ከአቅራቢው ጋር ስትነጋገሩ ከዚህ ደብተር የበለጠ አቅም የሚሰጣችሁ ነገር የለም።

ስትለኩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አቅራቢዎች የሚሸጡት በሜጋ ቢት ነው። ኮምፒውተራችሁ ፋይል ሲያወርድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋ ገዝታችሁ ፋይሉ በሰከንድ 12 ሲወርድ ብታዩ አልተጭበረበራችሁም፤ 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። በኬብል ሁልጊዜ ደህና፣ በዋይፋይ ግን ደካማ ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። አቅራቢ ብትቀይሩ ምንም አይሻሻልም። ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ከተደበቀ አውጡት። ከፍ ያለና መሐል ላይ ያለ ቦታ ስጡት። ዋይፋይ በዋናነት በሁለት ሞገድ ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ከጎረቤት ዋይፋይና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ጋርም ይጋጫል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ግን ያሸንፈዋል። ኤክስቴንደር፣ ማለትም የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ የሚያራባ መሣሪያ፣ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሲግናሉ በሞተበት ክፍል የተተከለ ኤክስቴንደር የሚያራባው የሞተውን ሲግናል ነው። ከቻላችሁ አንድ ኬብል ሳቡ።

ቀኑን ሙሉ ደህና ሆኖ አንድ ሰው ፎቶ ወይም ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲጭን ብቻ የሌላው ቪዲዮ ኮል የሚቆራረጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሚላከው መረጃ ወረፋ ይዟል። የእናንተ ድምፅም ከፎቶው ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ይህ ብዙ ጊዜ በራውተር ማስተካከያ ይፈታል። ኤስኪውኤም የሚባለው አሠራር ያለው ራውተር ወረፋውን አሳጥሮ ለሁሉም ተራ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ የፓኬጃቸውን እጥፍ የገዙ ሰዎች አግኝተናል። በጣም ያሳዝነናል፤ ገንዘባቸው በቤታቸው ይቀር ነበርና።

በኬብልም ተለክቶ ጠዋት ሙሉ፣ ማታ ግን ግማሽ ወይም ሩብ ከሆነ ጥፋቱ የአቅራቢው ነው። ለምን እንደሚሆን እንንገራችሁ። የምትገዙት መስመር የእናንተ ብቻ አይደለም። በብዙ ቦታ የተዘረጋውና ጂፖን የሚባለው የፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያመላልስ ቀጭን የመስታወት ክር) ዓይነት አንዱን መስመር ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያከፋፍላል። ወደ ቤቶቹ የሚወርደው ጠቅላላ አቅም 2.5 ጊጋ ቢት (2,500 ሜጋ ቢት) ገደማ ነው። 32ቱም በአንዴ ሙሉ በሙሉ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 78 ሜጋ ገደማ ነው። ሁሉም በአንዴ ስለማይጠቀም መጋራቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ አቅራቢው ደንበኛ እየጨመረ ከዚያ ወዲያ ያለውን መስመር ሳያሰፋ ሲቀር ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ነገሩ ይታያል። የጠበበው የጋራው መስመር ስለሆነ ትልቁን ፓኬጅ ብትገዙም ማታ ያው ነው። እንዲህ ዓይነቱን አቅራቢ ደብተሩን አሳይታችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። የቅሬታችሁን ቁጥር ተቀበሉ። ቀኑን ያዙ። ካልተሻሻለ ልቀቁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ፤ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳትገቡ።

መጀመሪያ የመስመሩን ዓይነት እዩ። ቤታችሁ ድረስ ፋይበር የሚያስገባ ካለ ወደ እሱ ሂዱ፤ እዚህ ላይ ብዙም አናመነታም። በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል የተሻሻለው ዓይነቱ እንኳ ከ24 ሜጋ አያልፍም፤ እሱም ቤታችሁ ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ይወርዳል። በሞባይል አንቴና የሚሠራው እንደ ሰፈሩ ነው፤ ማታ ላይ ካልሞከራችሁት አትፈርሙ። ሳተላይት ሌላ መስመር ለማይደርሰው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሳተላይቱ የቱ ጋ እንዳለ ጠይቁ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ዓይነት ከሆነ መልእክቱ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ፊልም ለማየት አይጎዳም፤ ለቪዲዮ ኮልና ለጌም ግን ያስመርራል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት አዲሶቹ በዚህ በኩል በጣም ይሻላሉ።

ቀጥሎ ለአፕሎዱ ትኩረት ስጡ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዳውንሎዱ ነው። ከቤት የምትሠሩ፣ ልጆቻችሁ በቪዲዮ የሚማሩ፣ ካሜራ ያስተከላችሁ ከሆነ የሚያንቃችሁ አፕሎዱ ነው። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ብሮድባንድ ለመባል 25 ሜጋ ዳውንሎድና 3 ሜጋ አፕሎድ ይበቃል ብሎ ነበር። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 100 እና 20 አሳደገው። ዳውንሎዱ አራት እጥፍ ሲሆን አፕሎዱ ሰባት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የሰው አጠቃቀም ወዴት እንደሄደ ከዚህ ይታያል።

ዳውንሎዱን ደግሞ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትግዙ። ጥራቱ ጥሩ የሆነ አንድ ቪዲዮ 5 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል። ፎርኬ የሚባለው እጅግ ጥርት ያለ ቪዲዮ ከ15 እስከ 25 ይፈልጋል። በቤታችሁ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያይ ቁጠሩና የተወሰነ ጨምሩበት። ለብዙ ቤተሰብ ማታ የማይወርድ 100 ሜጋ፣ ማታ ከሚጠፋ 500 ሜጋ ይሻላል።

ከዚያ የሽያጭ ሠራተኛውን ያዙትና ጠይቁት። «እስከ 200 ሜጋ» ሲላችሁ «ዝቅተኛውስ ስንት ነው? በአዘቦቱ ቀን የማገኘውስ?» በሉት። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ አቅራቢዎች በቋሚ መስመር ውል ላይ ዝቅተኛውን፣ በአብዛኛው የሚገኘውን፣ ከፍተኛውንና በማስታወቂያ የተነገረውን ፍጥነት ለይተው እንዲጽፉ ያዛል። የትም ብትኖሩ ይህንኑ መጠየቅ አይከለክላችሁም። መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ ግን አትመኑት፤ ውሉ ላይ ይስፈር።

የመነሻው ዋጋ ለስንት ወር እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ ቀድማችሁ ብትወጡ ምን እንደምትከፍሉ፣ ራውተሩ የማን እንደሆነ አጣሩ። «ያለ ገደብ» የተባለውም አንዳንዴ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀነሳል፤ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። ከውጭ ሆናችሁ የምታዩት ካሜራ ካላችሁ የራሳችሁ የሆነ ፐብሊክ አይፒ አድራሻ (መስመራችሁ ከውጭ በኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) ታገኙ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያጋራሉ፤ ያኔ አንዳንድ ካሜራዎች ከውጭ አይገኙም። ይህን ሳይጠይቁ ፈርመው በማግስቱ «ካሜራው ጠፋ» ብለው የሚደውሉልን ጥቂት አይደሉም።

ከሁሉ በላይ የምንተማመንበት ጥያቄ ግን ለሻጩ የሚቀርብ አይደለም። ያንኑ መስመር የሚጠቀም ጎረቤት ፈልጉና «መጨረሻ የተበላሸው መቼ ነው? በስንት ቀን ሠሩላችሁ?» በሉት። የማይበላሽ መስመር የለም። አንዱን አቅራቢ ከሌላው የሚለየው የተበላሸ ቀን ነው። ፊርማ ሳታስቀምጡ በፊት የጥገና ስልካቸው ላይ ማታ ደውሉ። ሰው ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ቁጠሩ።

በመጨረሻም አሮጌውን መስመር አዲሱ ሳይሠራ አትቁረጡ። አቅማችሁ ከፈቀደ ሁለቱን ለሁለት ሳምንት አብራችሁ ያዙ። በአቅራቢው ስም የተከፈተ ኢሜይል ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ሌላ አዛውሩት፤ የባንክና የሌሎች አካውንቶቻችሁ የይለፍ ቃል መቀየሪያ በእሱ ሊመጣ ይችላል።

መለካቱ ከከበዳችሁ ደውሉልን። መጥተን በኬብል እንለካለን፤ የግድግዳውን መስመር እንፈትሻለን፤ ያገኘነውን ጽፈን እንሰጣችኋለን። ጥፋቱ እኛ ቀድሞ በሠራነው ሥራ ላይ ሆኖ ከተገኘ አንድም ክፍያ አንጠይቅም። ራሳችሁ ለክታችሁ ከሆነም ደብተሩን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ባለሙያዎቻችሁ